የመበለቲቱ ማሰሮ



ነሐሴ 13 በመጣ ቁጥር እኛ ደብረ ታቦር የምንኖር ሰዎች ሁለት ነገር አብረን እናከብራለን፤ የጌታን ብርሃነ መለኮት መገለጥና የከተማችንን ስም። ማታ ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፣ እናቶች ሙልሙል ያድላሉ። ነገር ግን ነሐሴ ለደጋው ሰው ሌላም ወር ነው። ከፋርጣ እስከ ጋይንት ጎታ የሚራቆትበት፣ የጉና ሥር ገብስ ገና ያልደረሰበት ወር ነው። ያን ሙልሙል ከጋገሩት እናቶች አንዷ ዱቄቱን ያመጣችው በዱቤ ሊሆን ይችላል። ባለቤቷም የማዳበሪያውን ዕዳ የሚያስበው ገና በማሳ ላይ በቆመ እህል ነው።

ስለዚህ በቡሄ ሰሞን ስለ ዕዳ ብናስተምር ከበዓሉ አልወጣንም። የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 17 እስከ መጨረሻው ያነበበ ይህን ያውቃል። ምዕራፉ የሚጀምረው በተራራው ላይ ነው፤ ጴጥሮስ እዚያው ሦስት ዳስ ሠርቶ መቅረት አማረው። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ። ከተራራው ሥር የታመመ ልጅ ይዞ የሚጨነቅ አባት ነበር። ቅፍርናሆም ሲገቡ ደግሞ የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ጴጥሮስን ጠየቁት። ምዕራፉ የሚያልቀው በዚህ ክፍያ ነው። ጌታ ጴጥሮስን መንጠቆ አስይዞ ወደ ባሕር ላከው፤ መጀመሪያ በወጣው ዓሣ አፍ ለሁለት ሰው የሚበቃ ገንዘብ ተገኘ፣ ተከፈለም። ተአምሩ የመጣው ዓሣ አጥማጁ በሚያውቀው ሥራ፣ በለመደው መሣሪያ በኩል መሆኑን አስተውሉ። የዛሬው ትምህርታችን ሁሉ በዚህች ነገር ዙሪያ የሚዞር ነው፤ እግዚአብሔር የሰውን ዕዳ የሚያወርደው በቤቱ ባለው ነገርና በእጁ ባለው ሙያ በኩል ነው።

ይህን በሰፊው የምናገኘው በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ነው። ታሪኩ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው፤ ቤታችሁ ስትገቡ አንብቡት። ከነቢያት ልጆች የአንዱ ሚስት ባሏ ሞተባት። አበዳሪው መጥቶ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት ነው። ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤቶቿ ባዶ ዕቃ እንድትዋስ፣ ጥቂትም እንዳይሆን፣ በሯን ዘግታ ከልጆቿ ጋር እንድትቀዳ አዘዛት። ዕቃው ሁሉ እስኪሞላ ዘይቱ አላቋረጠም። ከዚያ ሽጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት።

አሁን ከመጀመሪያው ቃል እንጀምር። ሟቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሚስቱ ይህን ለነቢዩ ትናገራለች፣ ነቢዩም አላስተባበላትም። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ሲተርክ ይህ ሰው የንጉሥ አክዓብ ቤት አዛዥ የነበረው አብድዩ ነው፣ ዕዳውም የመጣው ከኤልዛቤል ሰይፍ የሸሸጋቸውን ነቢያት ለመመገብ ከተበደረው ነው ይላል። እንግዲህ ዕዳ ያለበትን ሁሉ አባካኝ ነው ብለን አንፍረድ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ነፋስ መውጫ በጦርነት ተይዛ ስትዘረፍ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ሱቁን ያጣ ሰው ከዚያ በኋላ ቢበደር ኃጢአቱ ምንድር ነው? ሚስቱ በምጥ ተይዛ ለመኪና የተበደረስ? በዕዳ የተያዘ ሰው መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው ቃል ይህ ነው፤ አንተ ዕዳህ አይደለህም። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ቤትም አበዳሪ ቆሞ ያውቃል።

ይህን ካልን በኋላ ግን ሌላውን ወገን አንሸሽግም። መዝሙረኛው ተበድሮ የማይመልሰውን ሰው ከኃጥአን ጋር ይቆጥረዋል። ሲራክ በምዕራፍ 29 እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ያየው ያህል ይስለዋል፤ ገንዘቡን እስኪቀበል እጅ ይስማል፣ ድምፁን ያለዝባል፤ መክፈያው ሲደርስ ቀን ያራዝማል፣ ጊዜው ከፋ ይላል። ያ ሰው ሩቅ አገር ያለ ሰው አይምሰለን። መበደር ኃጢአት አይደለም፤ መክፈል እየቻሉ ማዘግየት ግን የሰውን ላብ መያዝ ነው። ንስሐ የገባ ሰውም ዕዳው ከእርሱ ጋር አብሮ ንስሐ አይገባለትም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ እንጂ ዝማሬ ብቻ አላቀረበም።

ሁለተኛው ነገር ጩኸቷ ነው። ሴቲቱ ተናገረች። በእኛ አገር ዕዳን ከዕዳ በላይ የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። ባል ከሚስቱ ይደብቃል፤ ሚስት የእቁቡን ዕጣ አስቀድማ መብላቷን ከባሏ ትደብቃለች፤ መምህሩ ከባልደረባው ይደብቃል። የተደበቀ ዕዳ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጠራል፤ አንዱን ለመሸፈን ከሌላው ይወሰዳል። ዛሬ ይህን ለማድረግ ከቤት መውጣት እንኳ አያስፈልግም፤ በቴሌብር ሌሊት በአልጋ ላይ ሆኖ መበደር ይቻላል። በአግባቡ ለያዘው ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ደሞዙ ሳይገባ በዕዳ ለሚያልቅበት ወጣት ግን ማንም ሳያየው የሚወርድበት ደረጃ ይሆናል። መበለቲቱ የጮኸችው ወደ ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ገበያ ወጥታ አላወጀችም፤ ምክር ወደሚሰጣት፣ ምሥጢር ወደሚጠብቅላት ሄደች። እናንተም መጀመሪያ ለትዳር አጋራችሁ፣ ከዚያ ለነፍስ አባታችሁ ወይም ለአንድ አስተዋይ ዘመድ ተናገሩ። በታቦር ከደመናው የተሰማው ድምፅ ደቀ መዛሙርቱን አስደንግጦ በግንባራቸው ጥሏቸው ነበር። እውነቱ ሲገለጥ መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ጌታ ግን ዳስሶ አስነሣቸው።

ሦስተኛው የነቢዩ ጥያቄ ነው፤ በቤት ያለው ምንድር ነው? ነቢዩ ያንን ማሰሮ ሳያይ አያውቀውም ነበር ማለት አይቻልም። የጠየቃት እርሷ እንድታውቀው ነው። ዕዳ ያደከመው ሰው ያለውን መቁጠር ይተዋል፤ ምንም የለኝም ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ከ... ዘይት በቀር ብሎ ያስታውሳል። ትምህርቱ ያለው ከዚያ «በቀር» ውስጥ ነው።

ያለው እንደሚቆጠር ሁሉ ዕዳውም ይቆጠራል። አንዲት የማውቃት የፋርጣ እናት ፊደል አልቆጠረችም፤ ቆጠራን ግን እንደ እርሷ የሚያውቅ አላየሁም። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሰፌድ ዘርግታ ባሏን አጠገቧ አስቀመጠችና ዕዳውን በስም በስም እንዲጠራ ጠየቀችው። ለ500 ብር አንድ ፍሬ ታስቀምጣለች። ወለድ ለሌለው፣ ለምሳሌ ከዘመድና ከጎረቤት ለተወሰደው ባቄላ፤ ከብድር ተቋም በቡድን ለተወሰደው አተር፤ ለአራጣው ሽንብራ። ባሏ ዘመዶቹን ቆጠረ፣ የቡድኑን ብድር ቆጠረ፤ ከዚያ ዝም አለ። እርሷም ዝም አለች። እንጨቱን በእሳቱ ላይ አስተካከለች። ከብዙ ዝምታ በኋላ ሽንብራው መጣ፤ አሥራ አራት ፍሬ። ስለዚያ ዕዳ እስከዚያች ማታ አታውቅም ነበር። ተነሥታ ወጥታ ጥጆቹን አይታ ተመለሰች፣ ተቀመጠችም። ሲደመር 22 ባቄላ፣ 30 አተር፣ 14 ሽንብራ፤ 33,000 ብር። «እኔ 100,000 የሆነ ይመስለኝ ነበር» አለ ባሏ። ያልተቆጠረ ዕዳ ከተቆጠረው ሁልጊዜ ይበልጣል።

ሽንብራዎቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። አራጣው ከመቶ አሥር በወር ነበር። 7,000 ብር በወር 700፣ በዓመት 8,400 ብር ይወልዳል። ዓመቱን ሙሉ ከፍለው፣ ከተበደሩት የሚበልጥ ገንዘብ አስረክበው፣ ዋናው 7,000 እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። አሁን ይህን ከአባቶቻችን ሕግ ጋር አስተያዩት። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ሕዝቡ ለእህልና ለንጉሥ ግብር እርሻውንና ወይኑን አስይዞ፣ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቶ ጮኸበት። ነህምያም መኳንንቱን ሰብስቦ ገሠጸ፤ እርሻቸውን፣ ቤታቸውን፣ ከገንዘቡና ከእህሉም የሚወስዱትን መቶኛ እጅ እንዲመልሱ አደረገ። ያ መቶኛ እጅ በወር ከመቶ አንድ ነው ይላሉ ብዙ ተርጓሚዎች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕትም ይህንኑ መቶኛ በስም ጠቅሰው፣ ከካህናት ወገን ገንዘቡን በአራጣ የሚሰጥ ከመዓርጉ እንዲሻር ወሰኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች ብድር ላይ ተስማምተው የሚጽፉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህም ሲካፈል በወር ከመቶ አንድ ነው። በሕጉ መሠረት 7,000 ብር በዓመት ቢበዛ 840 ብር ይወልድ ነበር። ያ ቤት አሥር እጥፉን ይከፍል ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አራጣን ወንጀል አድርጎ ያስቀምጣል። ስለዚህ አራጣ የሚያበድር ሰው ቢመጸውትም፣ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ቢገዛም፣ ነህምያ የልብሱን እጥፋት አራግፎ የተናገረው እርግማን ከደጁ እንዳይደርስ ይፍራ። ነህምያ ይህን ቃል የማይፈጽም ሰው ከቤቱና ከድካሙ እንዲህ ይራገፍ ነው ያለው።

አሁን ወደ መሸጥ እንምጣ። ነቢዩ ዘይቱን ሽጪ አላት እንጂ ማሰሮዋን ሽጪ አላላትም። ዘዳግም ምዕራፍ 24 የወፍጮ ድንጋይና መጁን በመያዣ መውሰድ ይከለክላል፤ ሕይወትን መያዣ ማድረግ ነውና። ወፍጮ ያላየ ልጅ ይህን ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የእኛ አያቶች ግን ወዲያው ይገባቸዋል። መጁ ከሄደ ወፍጮው ድንጋይ ብቻ ነው። የእኛ መጅ ማን ነው? ለገበሬ ጥማድ በሬውና ዘሩ ነው፤ ለሸማኔ እቃው ነው፤ ጠላ ጠምቃ ለምትሸጥ እናት ጋኗ ነው፤ ለባለ ባጃጅ ባጃጁ ነው። ዕዳ ሲያስጨንቅ ሰው የሚሮጠው ግን መጀመሪያ ወደ በሬው ነው፤ ትልቅ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ስለሚያመጣ። በሬው ከተሸጠ መሬቱ ለሌላ ለእኩል ይሰጣል፣ ግማሹ ምርት ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ክረምት ሰውዬው ለእህል ይበደራል። ያች የፋርጣ እናት ሦስት በግ ሸጠች፣ አዲስ የተገዛውን ቴፕ ሸጠች፣ ከጎታው ስር ለሰርግ ያስቀመጠችውን ጌሾ ሸጠች። በሬዎቹን ግን ማንም እንዳያነሣባት አለች።

መሬትን በወለድ አገድ ስለ መስጠትም እዚህ ላይ ልናገር። ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው በወለድ ፈንታ ማሳውን እያረሰ ይበላል፣ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ መሬቱ አይመለስም ማለት ነው። አባቴ ለአያቴ ተዝካር ሲል ከማሳዎቻችን የተሻለችውን በዚህ መንገድ ሰጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ድንበራችን ላይ ቆመን የሌላ ሰው ጤፍ ሲያፈራ እናይ ነበር። አባቴ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን በዙሪያ ይሄድ ነበር። እኔ ይህን የምነግራችሁ አባቴን ለመውቀስ አይደለም፤ አባቱን ይወድ ነበር። የወደደበትን መንገድ ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም።

እስኪ በተዝካር ላይ ቆይታ እናድርግ፤ በደቡብ ጎንደር ብዙ ቤት የፈረሰው በዚህ ስለሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን ታስባለች፤ በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በዓመቱ። ይህ ሐዋርያዊ ሥርዓት ነው፤ አንነካውም። የምታስብበት ነገር ግን ሦስት ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዱስ ቁርባንና ምጽዋት። ጸሎቱ ዋጋ አይጠየቅበትም። ምጽዋቱ እንደ አቅም ነው፤ በወንጌል ያለችውን የሌላዋን መበለት ሁለት ሳንቲም ጌታ ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጦ የቆጠረ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሠንጋ ይጣል፣ ሁለት መቶ ሰው ይጠራ፣ ድንኳን ይተከል የሚል ቀኖና የለም። ሲራክ በምዕራፍ 18 በኪሱ ምንም ሳይኖረው በብድር ድግስ ደግሶ እንዳይደኸይ ሰውን ይመክራል፤ ይህ መጽሐፍ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠር ነው። በተበደረ ገንዘብ የሚሰጥ ምጽዋት የማን ምጽዋት ነው? ባለ ገንዘቡ አበዳሪው ነው፤ የሚራቡት ደግሞ የሟቹ የልጅ ልጆች ናቸው። አባትህን መዘከር ከፈለግህ ትቶት የሄደው ዕዳ ካለ ፈልገህ ክፈልለት፤ ከዚያ ለአሥር ድሃ እንጀራ በሽሮ አብላ፣ በስሙ ቁርባን አስቆርብ። ይህን ሲያደርግ ያየሁትን ሰው ጎረቤቶቹ ለጥቂት ሳምንት አሙት። በሚቀጥለው ዓመት ከሐሜተኞቹ ሁለቱ እርሱ እንዳደረገው አደረጉ። ሰርጉንም፣ የክርስትናውንም ድግስ በዚሁ ሚዛን መዝኑ። ተክሊሉም ጥምቀቱም ከድንኳኑ ውጭ ይፈጸማሉ።

ካህናት አባቶቼ ይህን ትምህርት ከዐውደ ምሕረት ቢናገሩት ምእመኑ ነፃ ይወጣል። ገበሬው ድግሱን የሚፈራው እንደ እግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ ነው፤ ትእዛዝ አለመሆኑን መስማት ያለበትም ከእነርሱ ነው።

ነቢዩ ለዘይቱ ዋጋ ተራ ሰጠ፤ መጀመሪያ ዕዳ፣ ከዚያ ኑሮ። ብዙ ዕዳ ላለበት ሰው ግን ከዕዳም ውስጥ የቱ ይቀድማል የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ወለዱ የበዛው ይቅደም ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ አንድ ነገር ሲቀር። መጽሐፍ ከአራጣም በፊት የሚያስቀድመው የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ነው። ፀሐይ ሳትገባ ስጠው፣ ድሃ ነውና ተስፋው በእርሱ ላይ ነው ይላል ሕጉ፤ ጦቢትም ልጁን ጦብያን ሲመክር ይህንኑ አዘዘው። ከ22ቱ ባቄላዎች አራቱ በአጨዳ ጊዜ የሠሩ የሁለት ሰዎች ሒሳብ ነበሩ። መጀመሪያ የተነሡት እነርሱ ናቸው። ሽንብራዎቹ ተከተሉ። ከዚያ አተሮቹ፤ የቡድን ብድር ነውና አንዱ ካልከፈለ የሚያዘው ጎረቤቱ ነው። የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በክልላችን ገጠር ገበሬውን ያለ መያዣ ሊያበድር የቻለው በዚህ የቡድን ዋስትና ነው። ዋስትና ከባድ ነገር ነው፤ ሲራክ፣ ዋስትና ብዙ ባለጠጎችን አጥፍቷል፣ ዋስ የሆነልህን ሰው ውለታ አትርሳ፣ ነፍሱን ስለ አንተ ሰጥቷልና ይላል። የዘመድ ባቄላ መጨረሻ ይሁን፤ ግን ዝም አይባል። በየወሩ 100 ብር ብቻ ይዞ የመጣ ተበዳሪ ዘመዱን አላጣም። ምንም ሳይዝ የተሸሸገ አጥቶታል። 100 ብሩም ከሌለ ሄዶ «ዘንድሮ አልቻልኩም፣ በጥር እሞክራለሁ» ማለት አለ።

መበለቲቱ የተዋሰቻቸውን ባዶ ዕቃዎች አንርሳ። ነቢዩ ገንዘብ ተበደሪ አላላትም፤ ዕቃ ተዋሺ አላት። ጎረቤት የሌላት ሴት በዚያች ቀን ዘይቷ በአንድ ማሰሮ ይቆም ነበር። የእኛ ባዶ ዕቃ ደቦ ነው፣ ወንፈል ነው፣ እቁብ ነው። በአራጣ የተያዘ ሰው በእቁቡ ቀርቦ ችግሩን ቢናገርና ዕጣው እንዲሰጠው ቢለምን ያለ ወለድ ከአራጣ ይወጣል፤ ይህን ያደረጉ እቁቦችን አውቃለሁ። ዕጣውን በልቶ መጣል ያቆመ ሰው ግን የጎረቤቶቹን ዕቃ ሰብሯል፤ ሁለተኛ የሚያውሰው አያገኝም። በሩን ዝጊ የተባለችውም ያለ ነገር አይደለም። ዕዳ እየከፈሉ ሳለ የቤቱ ወጪና ገቢ የቤቱ ምሥጢር ነው። ሥጋ ስላልገዛችሁ፣ ልጁ በአሮጌ ጫማ ትምህርት ቤት ስለሄደ ለማንም ማስረዳት የለባችሁም። ልጆቿ ግን ከበሩ ውስጥ ነበሩ፤ ዕቃ ያቀብሏት ነበር። ልጆቻችሁን አታስፈሯቸው፣ አትሸሽጓቸውም፤ እንዲያቀብሉ አድርጓቸው።

ለአበዳሪዎችም የተጻፈ አለ። ሕጉ አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ ያዛል፤ ውጭ ይቁም፣ ተበዳሪው ራሱ ያውጣለት። የድሃውን ልብስ በመያዣ ከወሰደ ፀሐይ ሲገባ ይመልስለት፣ ሌላ የሚለብሰው የለምና። በጉና ብርድ ያደረ ሰው ጋቢ የሌለበትን ሌሊት ያውቃል። የሰውን ቤት ደፍ እንኳ ያከበረ አምላክ በልጁ ፊት አባቱን የሚያዋርድ አበዳሪን እንዴት ያየዋል? አሥር ሺህ መክሊት ዕዳ ተሰርዞለት ስለ መቶ ዲናር የባልንጀራውን ጉሮሮ ያነቀውን አገልጋይ ታውቁታላችሁ። ስለ በደላችን ይቅርታ በየቀኑ የምንለምን ሰዎች ነን፤ የያዝነውን የዕዳ ወረቀት አስቀምጠን ያን ጸሎት ስናደርስ ጌታ ሁለቱንም ያያል።

ወረቀትን ካነሣን፣ ዘመዳሞች በጽሑፍ አንዋዋልም ማለትን ተዉ። ጦቢት በሜዶን ለገባኤል አደራ የሰጠው ገንዘብ ጽሑፍ ነበረው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መልአኩ ሩፋኤል ያንን ጽሑፍ ይዞ ሄዶ ገንዘቡን ተቀበለ። መልአክ እንኳ በወረቀት ነው የተቀበለው። በአገራችን ሕግም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ከተካደ በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም በፍርድ ቤት በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ስትከፍሉም አስፈርሙ፤ አበዳሪው ቢሞት ወራሾቹ የሚያውቁት ወረቀቱን ነው።

የነቢዩ የመጨረሻ ቃል በቀረው ኑሪ የሚል ነው። ከዕዳ የወጣ ቤት የቀረው ትንሽ ነው፤ በዚያች ትንሽ መኖር ይለመዳል። በታኅሣሥና በጥር አውድማ ሲሞላ እህሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ያንኑ እህል ገበሬው በሐምሌ በውድ ይሸምተዋል። ስለዚህ ከአውድማ መጀመሪያ የሚለየው ዘር ይሁን፣ ቀጥሎ እስከ መስከረም የሚበላው፤ ለሽያጭ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀምጧል። አምስተኛው ለእናንተ ከበዛ ከጣሳ ጀምሩ፤ ሳምንት በመጣ ቁጥር አንዲት ጣሳ ገብስ ለብቻው ማሰሮ ይግባ። ባለ ደሞዙ ደግሞ ደሞዙ በገባበት ቀን፣ ገበያ ሳይወጣ፣ ትንሿን ወደ ቁጠባ ያሻግር። የጾም ወራትም አሉን። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ሲጾሙ የተረፈው ቅቤና እንቁላል አባቶች ለድሃ ስጡት ያሉት ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው ከዚያ ውስጥ ለባለ ገንዘቡ ምን ያህል፣ ለድሃ ምን ያህል እንደሚያደርግ ከነፍስ አባቱ ጋር ይምከር።

ያ የፋርጣ ቤት ዕዳውን ከፍሎ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀበት። በመካከል አንድ ጊዜ በረዶ ገብሱን መታው፤ በዚያ መከር ከሰፌዱ የተነሣች አንዲት አተር ብቻ ናት። ባልየው ያን ሰሞን ዓይኑን ከሰፌዱ ያሸሽ ነበር። እርሷ ግን ሰፌዱን ከግድግዳው አላወረደችውም፤ ፍሬዎቹን በጨርቅ ቋጥራ እዚያው ላይ አንጠልጥላቸው ነበር። የተከፈሉትን ደግሞ በሌላ ጨርቅ ታጠራቅማለች። የመጨረሻዋ ባቄላ የባሏ ታላቅ ወንድም ገንዘብ ነበረች። ገንዘቡን ወስደው፣ ወረቀቱን ተቀብለው ሲመለሱ መሽቶ ነበር። እናትየው እሳት አነደደች፤ ሁለቱን ጨርቅ ፈትታ ባቄላውን፣ አተሩን፣ ሽንብራውን ምጣድ ላይ አፈሰሰችው። ቆሎው ሲንጣጣ ልጆቹ ተነሡ። ቡና ተፈላ፤ ጎረቤቶች ተጠሩ፤ ከእነርሱ አንዳቸውም ስለምን እንደተጠሩ አልጠየቁም።